ኩሬው ዳር ዝም ማለት

ተክለማርያም፦ ሊያስነጥስህ ነበር!

በፍቃዱ፦ ኧረ ጋሼ፣ አፍንጫዬን ነው የነካሁት።

ተክለማርያም፦ አፍንጫውን የሚነካ ሰው ሊያስነጥስ ነው። እንቁራሪቷ ይኼን አሳምራ ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ዘልላ የገባችው።

በፍቃዱ፦ የገባችው እርስዎ ሲጮኹብኝ ነው እኮ።

ተክለማርያም፦ የጮኽኩት ዝም እንድትል ነው!

በፍቃዱ፦ ዝም ብዬ ነበር።

ተክለማርያም፦ አሁንስ ማን ነው የሚያወራው?

በፍቃዱ፦ (አሰበ) እኔ።

ተክለማርያም፦ አየህ!

(ዲላ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ። ከጋሽ ተክለማርያም ቤት ጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ አልጋ የምታህል ኩሬ አለች። እሳቸው ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው አምና ጡረታ ወጥተዋል። የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም። በፍቃዱ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ባጃጅ ይነዳል። ዘመድ አዝማዱ "ትንሽ ዘገም ይላል" ይለዋል፤ ስለ ባጃጁ አይደለም። ሁለቱም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውኃውን ያያሉ።)

በፍቃዱ፦ ጋሼ፣ እቴቴ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?

ተክለማርያም፦ ስድስት ሰዓት። የተፋቀውን እንሰት በሚኒባስ ጭና ከወናጎ ትመጣለች። እስከዚያ ከእንቁራሪት ሌላ ሦስት ዓይነት ፍጡር በዓይኔ ካላየሁ፣ ውኃው ተቀድቶ ጉድጓዱ የቆጮ መቅበሪያ ይሆናል። "ባዶ ውኃ ቁጭ ብለህ ከምታይ ቤተሰብ ይብላበት" ብላኛለች።

በፍቃዱ፦ ቆጮስ ጥሩ ነው።

ተክለማርያም፦ እኔ መች ጠላሁ? ሌላ ቦታ ይቀበር!

በፍቃዱ፦ ታዲያ "አየሁ" ቢሏትስ?

ተክለማርያም፦ ልዋሽ? አንተ ልጅ፣ እኔ ብዙ እናገር እንደሆን እንጂ አልዋሽም።

በፍቃዱ፦ እሱስ እውነት ነው። ብዙ ይናገራሉ።

ተክለማርያም፦ ስማ። ፍጥረትን ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ቆይ፣ ተቀምጬ አይሆንልኝም። (ተነሡ፤ ቀጭን እንጨት አነሡ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ተማሪው፣ ጀርባቸውን ወደ ኩሬው አደረጉ።) አንደኛ፣ ዝምታ። ሁለተኛ፣ ዝምታ። ሦስተኛ...

(አንዲት ሰማያዊ ወፍ፣ መንቁሯ እንደ በርበሬ የቀላ፣ መጥታ የእንሰቱ ቅጠል ላይ ዐረፈች። በፍቃዱ ጣቱን ቀሰረ።)

ተክለማርያም፦ እጅ ማውጣትህ ጥሩ ነው። ጥያቄ ግን በመጨረሻ።

በፍቃዱ፦ ጥያቄ አይደለም ጋሼ፣ ከኋላዎ...

ተክለማርያም፦ ወደ ኋላ በኋላ እንመለሳለን! ሦስተኛ፣ ዝምታ። አባቶቻችን "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ያሉት ያለ ምክንያት... እህ! እክ! እክ!

በፍቃዱ፦ ምን ገባ?

ተክለማርያም፦ (ዐይናቸው እንባ አቅርሮ) ትንኝ።

(ወፏ ኩሬው ውስጥ ተወርውራ ትንሽ ዓሣ ይዛ ሄደች።)

በፍቃዱ፦ ዓሣውን ወሰደችው!

ተክለማርያም፦ ማን?

በፍቃዱ፦ ወፏ።

ተክለማርያም፦ የታለች?

በፍቃዱ፦ ሄደች።

ተክለማርያም፦ አየህ፣ ለሄደ ነገር ትጮኻለህ! ስትመጣ ነበር መናገር።

በፍቃዱ፦ ስትመጣማ እጄን አውጥቼ ነበር።

ተክለማርያም፦ ቀጥሎ፣ የሰው ልጅ ምግብ ይዞ... (ወደ በርጩማው ዞሩ) ዳቦዬ የታለ?

(ዳቦው አጥሩ ላይ ነው፤ ጦጣ ግራና ቀኝ ጉንጯን ወጥራ እየበላችው። ስትወስደው በፍቃዱ አይቷል። ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ ሦስተኛው ዝምታ ትዝ ብሎት ዘግቶት ነበር።)

በፍቃዱ፦ ጦጣ ወሰደችው።

ተክለማርያም፦ ወንድሜ፣ ርቦህ ከሆነ "ጋሼ ራበኝ" በል፤ ያባት ነው። በጦጣ ማሳበብ ግን ከእቴቴ ወንድም አይጠበቅም!

በፍቃዱ፦ እዚያ አጥሩ ላይ...

ተክለማርያም፦ (ሳይዞሩ) ከንፈርህ ላይ ፍርፋሪ አለ።

በፍቃዱ፦ እሱ የራሴ ቁርስ ነው።

ተክለማርያም፦ ይቅርታ አድርጌልሃለሁ፤ ወደ ትምህርታችን።

(ጦጣዋ ዳቦው የተጠቀለለበትን ወረቀት ጥላ ወደ ጎረቤት ተሻገረች። ከውኃው ውስጥ ደግሞ አንዲት ኤሊ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች፤ አንገቷን አሰገገች። በፍቃዱ አሁንስ ዘዴ ያስፈልጋል አለ በሆዱ።)

በፍቃዱ፦ ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ። ኤሊ በኩሬ ውስጥ ይኖራል?

ተክለማርያም፦ (ደስ ብሏቸው) ግሩም ጥያቄ! የውኃ ኤሊ የሚኖረው ወደ አባያ ነው። ከአባያ እስከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ኤሊ በሰዓት ስንት ትሄዳለች? አስላው!

በፍቃዱ፦ መቼ ተነሥታ?

ተክለማርያም፦ መቼም ትነሣ! ዳገቱ አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ መኪናው አለ። ስለዚህ እዚህ ኤሊ ልትኖር አትችልም።

በፍቃዱ፦ እሷ ግን ይኼን አልሰማችም። ድንጋዩ ላይ ሆና ፀሐይ እየሞቀች ነው።

ተክለማርያም፦ (እንደ ነፋስ ዞሩ) የታለች!

(ጭልፕ።)

በፍቃዱ፦ "የታለች" ሲሉ ገባች።

ተክለማርያም፦ (ሰዓታቸውን አዩ፤ በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ) አምስት ሰዓት ከሃምሳ። አለቀልኝ። በፍቃዱ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ በየጠዋቱ ስልሳ ልጅ ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር። አሁን አፌን ስከፍት እኅትህ ሬዲዮ ትከፍታለች። ይኼን ጉድጓድ በገዛ እጄ ነው የቆፈርኩት። እዚህ ስቀመጥ የሚሰማኝ ያለ ይመስለኛል። እሱንም ልትቀማኝ ነው።

(በፍቃዱ ወደ ውኃው አየ። ኤሊዋ እንደገና ብቅ እያለች ነው። ዝም ብቻ ቢሉ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ዝም ቢሉ፣ ሁሉንም ያዩ ነበር። እንዴት ብሎ ይንገራቸው?)

በፍቃዱ፦ ጋሼ፣ እኔ እሰማዎታለሁ። ስለ ምን ነበር ያሉኝ?

ተክለማርያም፦ (ፊታቸው በራ) ስለ ዝምታ! ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው... (ተነሥተው ጀርባቸውን ለኩሬው ሰጡ።)

(የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ሚስታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሸክሟን አውርዳ፣ ላቧን እየጠረገች ወደ ጓሮ መጣች።)

ገበያነሽ፦ እህሳ ተክሌ? ስንት አየህ?

ተክለማርያም፦ (ቀና ብለው) አንድም።

በፍቃዱ፦ ኧረ መጥተው ነበር እቴቴ! ወፍ፣ ጦጣ፣ ኤሊ። ሦስት!

ገበያነሽ፦ እና አንተ ምን ስታደርግ ነበር?

ተክለማርያም፦ እሱን ሳስተምረው። እኔ ያላየሁትን አየሁ አልልም፤ ቃል ቃል ነው። ባልዲው ከበሩ ኋላ አለ። እኔ ግን ሲቀዳ አላይም። (አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩንም መስኮቱንም ዘጉ።)

ገበያነሽ፦ ምን ያኮርፈዋል! ባልዲውን አምጣ... ቆይ፣ ቆይ፣ ወገቤ ተቆርጧል። ትንሽ ልረፍ።

(በርጩማው ላይ ተቀመጠች። በጣም ስለደከማት ምንም አላለችም። በፍቃዱም መናገር ያለበትን ተናግሮ ጨርሷል። ጓሮው ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭር አለ። እንቁራሪቷ ወጣች። ኤሊዋ ድንጋይዋ ላይ ተመለሰች። ሰማያዊዋ ወፍ መጥታ፣ ከገበያነሽ ጫማ አጠገብ ያለው እንጨት ላይ ዐረፈች።)

ገበያነሽ፦ (በሹክሹክታ) በፍቄ... አፏ የቀላው ምንድን ናት?

በፍቃዱ፦ (በሹክሹክታ) ስሟን እንጃ። ዓሣ ትወዳለች።

ገበያነሽ፦ ውይ፣ ስታምር! ያቺ ደግሞ ኤሊ ናት እንዴ? አንገቷን እያት... ስንት ጊዜ እዚህ ልብስ አስጥቻለሁ፣ ይኼን ሳላይ!

(እንደገና ዝም አሉ። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ትጫወታለች። ወፏ ጠልቃ ወጣች፤ ገበያነሽ እንደ ልጅ አፏን በእጇ ሸፈነች።)

ገበያነሽ፦ እንሰቱን ጎረቤታችን እማማ አሰፋች ጓሮ እንቀብረዋለን፤ እምቢ አይሉኝም። ይኼ ኩሬ አይነካም።

በፍቃዱ፦ (ከደስታው ብዛት ብድግ አለ) ሄጄ ልንገራቸው! አዝነው እኮ ነው የገቡት!

ገበያነሽ፦ (የሸሚዙን ጫፍ ያዘች) ቁጭ በል። ትንሽ ቆይ፣ እኔም ልጥገባት።

በፍቃዱ፦ እሳቸውስ?

ገበያነሽ፦ ከነገርከው ይወጣል።