የእንቅልፍ ዋጋ

የተነገረውን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል በእኛ አገር ጨዋነት አይደለም። የመጀመሪያውን ጥሪ አሜን ብሎ የተቀበለ ገዢ ሻጩን ያስደሰተ ይመስለዋል፤ እናንተ ግን አትሳሳቱ፣ ሻጩ ተቀይሟል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ገንዘቡን በኪሱ እየዳበሰ «ምነው ጨምሬ በጠራሁ!» ይላል፤ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያድራል። በዚህ በኩል ላየው ሰው ዋጋ መከራከር ንፉግነት ሳይሆን ርኅራኄ ነው፤ ሻጭ በሰላም እንዲተኛ የሚደረግ በጎ አድራጎት ነው።

ይህን ፍልስፍና ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ስማር ስለ ውበት፣ ስለ ምጣኔና ስለ ዘይቤ ብዙ ተነግሮኛል፤ ስለ ዋጋ ግን ትንፍሽ ያለ መምህር አልነበረም። ያስተማረኝ አባቴ ጋሽ አራጌ ነው። አባቴ ዕድሜውን የገፋው በከብት ንግድ ነው፤ የበሬ ጥርስ ገልጦ፣ ሻኛ ዳብሶ፣ ጭራ ጎትቶ ዋጋ ሲሰብር ኖሯል። ባጃጅ ተሳፍሮ ሲከራከር መውረጃው ያልፈዋል። የሐይቅ ዓሣ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩት ዓሣቸውን በቅጠል ይሸፍናሉ ይባላል። ሐኪም በቀን ሦስት ፍሬ ያዘዘለትን መድኃኒት «በሁለት እንጨርሰው» ያለ ሰው ነው።

ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይከራከር ዋጋ ተቀበለ። ወጌ ስለዚያች አንድ ጊዜ ነው፤ ዋጋውን ስለጠራችው ሴትም ነው።

ጦርነቱ በሰፈራችን አለፈ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ጤና ጣቢያችን ያን ሰሞን የቁስለኛ ማደሪያ ሆነ። እህቴ ለምለምን ምጥ የያዛትም በዚያው ሰሞን ነበር። አልጋ አልነበረም፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ለወላድ አልተከፈተም። ልጁ መንገድ ላይ ቀረ። ጌጠኛ ቃል እንደምወድ የሚያውቁኝ ሁሉ ይታዘቡኝ፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ግን አላስጌጥኳትም።

ጊዜ አለፈ፣ ለምለም እንደገና አረገዘች። የጤና ጣቢያው የፊት ክፍሎች እንደ ነገሩ ተጠራርገው ሥራ ጀመሩ፤ ከኋላ ያለው የማዋለጃ ክፍል ግን እንደተቆለፈ ነበር። በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። አዋላጇ ነርስ ቁርጡን ተናግራለች፤ «ይህ ክፍል በወጉ ሳይጸዳ ወላድ አላስገባበትም።» የለምለም ሆድ እየገፋ ሄደ፤ ቁልፉም እንደተንጠለጠለ ቀረ። እናቴ በዚያ በር በኩል ባለፈች ቁጥር ቁልፉን እንደ ጠላት ታየው ነበር።

ያን ጊዜ ቅሬያችን ተሰበሰበ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የእኛው የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ሬሳ በአንድ ትከሻ ይሸከማል። ዳኛው ሸህ ኢብሬ ናቸው። ገንዘብ ያዡ አባቴ ነው፤ ከእሱ እጅ ሳንቲም የሚያወጣ ሌባ ገና አልተወለደምና። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ሥራ ያጣን ሰው ሌላ ምን ያደርጉታል? አባቴ ተነሥቶ «ለጽዳት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? ደቦ እንውጣ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለ። ተጨበጨበ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በአንድ ልብና በአንድ መጥረጊያ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰፈሩ እንዳለ ወጣ። ሴቶቹ አምባሰል እያንጎራጎሩ፣ ጎረምሶቹ ጀሪካን ተሸክመው፣ ሽማግሌዎቹ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ። ለአዝመራ የወጣ ነው የሚመስለው። በእኛ ዘንድ የጽዳት ሕግ አንድ ነው፤ ውኃ አፍስስ። አፈሰስን። ደርቆ የከረመው ደም ነቃ፤ ሽታው በመስኮትም በበርም ወጥቶ ደቦውን እስከ አጥሩ አባረረው። የቀረው አባቴ ነው። ሰው እንዲመለስ ለማበረታታት አንዱን ፍራሽ እንደ ጠቦት አቅፎ አነሣ፤ በፍራሹ ውስጥ ደግሞ መርፌ ነበረ።

መዳፉን ወጋው። ነርሷ ሮጣ አጠበችው፣ የመከላከያ መድኃኒት ሰጥታ ወደ ደሴ ላከችው፤ እዚያም ደሙ ተመረመረና «ለጊዜው ምንም የለም፤ የመጨረሻውን የምናውቀው ግን ከወራት በኋላ ደግመን ስንመረምር ነው» ተባለ። መዳፉን በፋሻ ጠቅልሎ ተመለሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ስለ ደቦም ነው።

ሀዋን ያመጣናት ከዚህ በኋላ ነው።

እትዬ ሀዋ የአምባሰል ልጅ ናት። ደሴ በአንድ ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኝነት ኖራለች። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ተደራጁ በተባለ ሰሞን፣ ጓደኞቿ ዶሮ እርባታና ባጃጅ ሲመርጡ እሷ ማንም እጁን የማያሳርፍበትን ቆሻሻ መረጠች። ማኅተም አስቀረጸች፤ «ልዩ ጽዳት» ይላል። ባለማኅተም ባለሙያ ስንል ቱታ ለብሳ፣ ባልዲ ይዛ ትመጣለች ብለን ጠበቅን። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን በአምባሰል ወግ አስራ፣ ወርቋን አጥልቃ ከባጃጅ ወረደች። ዋጋ ለመጥራት ስትሄድ እንደ ሙሽራ እንደምትለብስ ኋላ ሰማሁ፤ «ቆሽሼ ከመጣሁ እንደ ቆሻሻው ይገምቱኛል» ትላለች።

ወዲያው አልገባችም። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አየች። ያፈሰስነው ውኃ የት እንደሄደ ጠየቀች፤ ስንነግራት ራሷን ነቀነቀች። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ሞተ አላለችም፤ «ሲጮሁ ይሰማችሁ ነበር?» አለች። አጥሩ ሥር የቆመችው ጎረቤታችን አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ነው ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጭንብሏን አጥልቃ፣ ጓንቷን እስከ ክርኗ ስባ፣ በረጅም ጉጠት እየነካካች የገባችው። ስትወጣ ወርቋ ላይ አቧራ አልነበረም።

«ሦስት ዋጋ ነው» አለች። «አንዱ የእጅ ነው፤ ሴቶቼ የሚሠሩበት። ሁለተኛው የአፍንጫ ነው፤ ጭንብሉ፣ ጓንቱ፣ በረኪናው፣ የመርፌው ሳጥን። ሦስተኛው የእንቅልፍ ነው።»

አባቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ። ያች መዳፍ ሥራው ምን እንደሆነ አስተምራዋለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ አባቴን አታውቁትም።

«የእጁን እሺ» አለ። «ከአፍንጫው ግን ትንሽ ቀንሺ።»

«ከየትኛው ቀዳዳ ልቀንስልዎ ጋሼ?»

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ዋጋ ላይ አይስቅም። «ይሁን፣ አፍንጫውንም ወሰድን። እንቅልፍ የምትዪው ግን ምንድን ነው? እንቅልፍ ሲከፈልበት የሰማሁት ለዘበኛ ነው፤ እሱም ላለመተኛቱ! ይህ የቅሬ ገንዘብ ነው፣ የድኻ መዋጮ ነው፤ ነገ ሰው ቢጠይቀኝ እንቅልፍ ገዛሁበት ልበል?»

«እንዳሻዎ ይበሉ። ሦስቱን አልነጣጥልም።»

«ገበያ እኮ ነው ልጄ፤ እኔ ልውረድ አንቺም ውረጂ።»

«እኔ ገበያ የወጣሁ በግ አይደለሁም፣ ጥርሴን አያዩም» አለችና ጓንቷን አውልቃ ወደ ባጃጁ ሄደች።

ለምለም ከጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች። የአባቴ ዓይን ከባጃጁ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ቅሬው ገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ሲመላለስ አየሁት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት መልኳ የአባቴን መምሰል አለበት።

ሮጬ ደረስኩባት። «እትዬ፣ በአሏህ ይሁንብሽ፣ እህቴ ቀኗ ደርሷል።»

«አይቻታለሁ» አለች። ቁጣዋ በረደ። «ስማኝ ወንድሜ። ጦርነቱ እንዳለፈ የመጀመሪያውን ሥራ ስሠራ ይህን ዋጋ አላውቀውም ነበር። እጁን አሰብኩ፣ አፍንጫውን አሰብኩ፣ ሥራው አማረልኝ። ከሴቶቼ አንዷ ግን ያየችው ነገር ማታ ማታ እየመጣባት መተኛት አቃታት። ብቻዋን የምትኖር ልጅ ናት። ሥራውን ጥላ ሄደች፤ ዛሬም መብራት አብርታ ነው የምታድር አሉ። ወላሂ፣ ያን ሥራ አርክሼ ነው የሸጥኩት። አሁን እንዲህ ካለ ሥራ በኋላ ሴቶቼን አሳርፋለሁ፤ ቤት ይዤ፣ ምግብ አቅርቤ፣ አብሯቸው የሚያድር ሰው ከፍዬ። ዋጋው ይኸው ነው። አባትህ ግን ትራስ የምገዛበት መሰለው።»

ይህን ይዤ ተመለስኩና ለጉባኤው ተናገርኩ፤ ያለ ጌጥ ተናገርኩ። ሸህ ኢብሬ እስከዚያ መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ነበር። ቀና አሉ።

«አራጌ፣ እናትህ የሞተች ጊዜ ብቻህን አድረሃል?»

«የለም። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ እርስዎም ነበሩ።»

«ስንት አስከፈልንህ?»

አባቴ የእጁን ፋሻ ማስተካከል ያዘ።

«እንግዲህ ሬሳ ተሸክሞ የመጣ ሰው ብቻውን እንዲተኛ ቅሬያችን ፈቅዶ አያውቅም። እነዚህ ሴቶች የሚገቡት የማናውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ውስጥ ነው። ለቅሶ ደግሞ ሥራችን ነው። አብሽሩ፣ ሦስተኛውን ዋጋ እኛው አብረናቸው በማደር እንከፍለዋለን። አራጌ፣ ያንተ ቤት ሰፊ ነው።»

ሀዋ ወርቋን አውልቃ በመሐረብ ቋጠረች። ተስማማች ማለት ነው።

እነዚያ ሴቶች ሲሠሩ ላየ ሰው ጽዳት የሚባለው ቃል ያንስበታል። መጀመሪያ ውኃ የሚባል አልነኩም፤ ደረቁን በጉጠት አንድ በአንድ ለቀሙት፣ መርፌውን በሳጥኑ፣ ፍራሹን በማቃጠያው። ከዚያ ከጣሪያ ወደ ወለል፣ ከጥግ ወደ በር። ከአንዱ አልጋ ራስጌ ላይ ቀበቶ ታስሮ አገኙ። ሀዋ ብርሃን ላይ አውጥታ አየችው፤ ቆዳው ላይ የጥርስ ምልክት ነበረ። ማደንዘዣ ያላገኘ ሰው የነከሰው ነው። ለየትኛው ወገን ይዋጋ እንደነበር ቀበቶው አይናገርም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወደ እሳቱ አልጣለችውም፤ ለቅሬው ሰጠች። ሸህ ኢብሬ ፋቲሃ የሚባለውን ጸሎት ቀርተው፣ አባቴ በአንድ እጁ ቆፍሮ፣ በጤና ጣቢያው ጓሮ ቀበርነው።

ሴቶቹ እኛ ቤት ሰነበቱ። ሰፈሩ በየተራ እየመጣ አብሯቸው አመሸ፣ አብሯቸው አደረ፤ ከእነሱ ያየችውን የምታወራው ስታወራ፣ ያላወራችውን የሚያስቅ አልጠፋም። ቀበቶውን የፈታችው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች አላወራችም። ኋላ ግን እናቴ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ለምለምም በዚያው ሳምንት በዚያ ክፍል፣ ንፋስ በሚገባበት፣ በረኪና በሚሸት፣ ወለሉ ላይ መስኮቱ በሚታይበት ክፍል ወለደች። ሴት ናት። ድምፅዋ አርዲቦ ማዶ ይሰማል።

ወሬው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ መልኩን ቀየረ። ሀዋ ገንዘብ ሳትቀበል በዱዓ፣ በምርቃት ብቻ ትሠራለች ተባለ። ደንበኛው ሁሉ «እኛም በዱዓ እንክፈልሽ» እያለ መጣባት። «የበረኪናው ነጋዴ በዱዓ ይሸጥላችሁ እንደሆን ጠይቁልኝ» ብላ መለሰቻቸው። ሦስቱን ዋጋ እስከ ዛሬ አልነጣጠለችም።

የቀረው አባቴ ነው። ሁለተኛው የደም ምርመራ እስኪደርስ ድረስ ቀን ቀን በልጅ ልጁ ይስቃል፤ ከመሸ ግን ያች መዳፍ ትነቃለች። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፋሻዋ የወለቀላትን እጁን እየገለበጠ ያያል። እናቴ ግባ ብትለው «በሬዎቹን ልይ» ይላል፤ በሬ ከሸጠ ዓመታት አልፈዋል። ይህንን ለሀዋ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ብቻ አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሴቶቿን አስከትላ መጣች። ነጩን ቀሚሷን ለብሳለች። ወርቋን አጥልቃለች።

«ዋጋ ልትጠሪ ነው አመጣጥሽ» አለ አባቴ።

«አዎ ጋሼ። የእጅ የለውም፤ የአፍንጫም የለውም። የእንቅልፉ ብቻ ነው።»

«ስንት ነው?»

«እኛ እዚህ እናመሻለን። እርስዎ ገብተው ይተኛሉ።»

ከዓመታት የገበያ ልማድ የተነሣ አባቴ ሊከራከር አፉን ከፈተ። አዛጋ።

የምርመራው ውጤት ኋላ ነጻ ሆኖ መጣ፤ ያን ምሽት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሀዋና ሴቶቿ በረንዳው ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወጉ፣ ከውስጥ የአባቴ ማንኮራፋት ተሰማ። የመጀመሪያውን ጥሪ አሜን ብሎ ተቀብሏል ማለት ነው። ሻጯን ዞር ብዬ አየኋት፤ የተቀየመች አልመሰለችኝም።