የግራዝማች ሐብተ ማርያም መንቀጥቀጥና ያስከተለው ሹመት

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ጥሎት በሄደው ሕንፃ ውስጥ፣ በጎንደር አራዳ አንድ እጅግ የተከበረ መሥሪያ ቤት ነበር። ምን እንደሚሠራበት አጥርቶ የሚናገር ባይገኝም መሥሪያ ቤት መሆኑን የሚጠራጠር አልነበረም። በሩ ላይ ዘበኛ፣ ውስጡ አለቃ፣ ደጁ ላይ ደግሞ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ስንቁን ቋጥሮ የመጣ ባለጉዳይ ሞልቶበታልና። አንድ መሥሪያ ቤት ከዚህ ሌላ ምን ይጎድለዋል?

አለቃው ፊታውራሪ በላቸው ነበሩ። ጸሐፊያቸው ግራዝማች ሐብተ ማርያም ደግሞ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ ዝምተኛ፣ ሽማግሌ ቆሞ እያዩ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ።

የግራዝማች ዕድሜ ኀምሳን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣታቸው ብቻ ነበር፤ በማይታይ ጤፍ የምትጫወት ይመስል ከሌባ ጣታቸው ጋር ስትታሽ ትውላለች። ቀጥሎ እጁ በሙሉ ተከተለ። ዕቃ ሲያነሡበት ጋብ ይላል፤ ጉልበታቸው ላይ ሲያሳርፉት ይብስበታል። እርምጃቸውም አጠረ። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ተጣብቆ አልነሣ ይላቸዋል። ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፉላቸዋል፤ ጠላውንም በዋንጫ ግማሽ ብቻ ይቀዱላቸዋል። ግራዝማች ይህ እጅግ ያሳፍራቸው ነበርና ውጭ ሲወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይደብቁታል። ያን ጊዜ ኪሱ ይንቀጠቀጣል።

አለቃ ፊት ግን እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ መቆም ነውር ነው። አንድ ማለዳ ፊታውራሪ አስጠሯቸውና ግራዝማች እጃቸውን አውጥተው ከቢሮው በር ላይ ተተከሉ።

«ግባ እንጂ!» አሉ ፊታውራሪ።

«እሺ ጌታዬ» አሉ ግራዝማች። እግራቸው ግን እሺ አላለም።

ፊታውራሪ በላቸው ቀና ብለው አዩ። ደጃፋቸውን ለመርገጥ የሚሳቀቅ ሰው! እጁ የሚርገፈገፍ ሰው! በሹመት ዘመናቸው ሁሉ ሲመኙት የኖሩትን ነገር በዐይናቸው አዩ። ወዲያው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ።

«ሥልጣን ምንድን ነው?» ብለው ጀመሩ። «ሥልጣን በወረቀት ላይ ሲቀር ቀለም ነው! በሰው ገላ ላይ ሲያድር ግን፣ ይኸውላችሁ!» ብለው የግራዝማችን እጅ ይዘው ወደ ላይ አነሡት። እጁ ሲነሣ ጋብ አለ። ፊታውራሪ ቶሎ መልሰው አወረዱት።

«ጌታዬ፣ ሕመም ይመስለኛል» አሉ ግራዝማች።

«ትሕትናውን ተመልከቱ!» አሉ ፊታውራሪ፤ ተጨበጨበ።

በማግስቱ ምክትል ጸሐፊው አቶ አለነ በሁለት እጁ እየተንቀጠቀጠ ገባ። ከሰዓት በኋላ አንገቱን ጨመረበት። ተላላኪውም አልቀረም። ባለጉዳዩ ማመልከቻው ላይ ቀለም እየተደፋበት ሲመለስ፣ የሠራተኛው ትጋት እንዲህ ነው ተብሎ ይነገረዋል። ግራዝማች ሐብተ ማርያም ደግሞ «የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ሥርዓት የበላይ ተጠሪ» ተብለው ተሾሙ።

ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ነገሩ።

«ሹመት አገኘሁ።»

«እሰይ! ስለ ምን?»

«ስለዚህ» ብለው እጃቸውን አሳዩ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል መቃኑን ይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ የባላቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። እዚያም ውስጥ መንቀጥቀጡን አልተወም።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አሉ።

«የተሻለኝ እንደሆነ ሹመቱስ?»

«ሹመቱ ቁልፍ አይቆልፍልዎትም፣ አንቱ!»

ሐኪሙ ግራዝማችን አስኬደ፣ አስቆመ፣ ክንዳቸውን አጠፈ፣ ዘረጋ። «ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም ነው» አለ በመጨረሻ።

«እሱ ደግሞ የማን ዘር ነው?» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል።

«የሐኪም ስም ነው፣ እናቴ። በሽታውን መርምሮ የጻፈው ሰው ነው።»

«ጽፎ ከሚተወው ምነው ባዳነው!»

«ፈጽሞ የሚያድነው አልተገኘም» አለ ሐኪሙ እውነቱን። «ይህ ኪኒን ግን መንቀጥቀጡን ያበርደዋል። አፍ ያደርቃል፣ ዐይን ያደበዝዛል። ያልተለመደ ነገር ካዩ ደግሞ ፈጥነው ይምጡ።»

ግራዝማች መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ዘወትር ያልተለመደ ነገር ስለሚያዩ ይህን የመጨረሻውን ምክር ልብ አላሉትም።

ኪኒኑ ሠራ። እጃቸው ረጋ። አንድ ቀን ማለዳ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ፤ አንዱን ዘለው አዛብተው ቆልፈውት ነበር፤ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ግን አይተው እንዳላዩ አለፉ። ግራዝማች እንደ ሙሽራ ኮርተው ወጡ፣ የቢሮውን በር ሳይቆሙ ተራመዱት፣ ፊታውራሪ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

ፊታውራሪ እጁን አዩ። ጠበቁ። ምንም የለም።

«ምን በደልሁህ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ወዲያው ከባድ ስብሰባ ተጠራ። አቶ አለነ እየተንቀጠቀጠ ክሱን አነበበ፤ «በአለቃ ፊት ያለ በቂ ምክንያት ረግቶ ስለ መቆም» ይላል። ግራዝማች አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቋል። ዐይናቸውን ሲያሹ፣ ከፊታውራሪ ወንበር ኋላ አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ካባቸው ወርቀ ዘቦ ነው፤ መቀመጫ የሚሰጣቸው አጥተው ግራ ቀኝ ያያሉ። ግራዝማች ክሳቸውን ረስተው ብድግ አሉና እጅ ነሡ።

«ምነው አያ፣ ቆመው ቀሩሳ? ይቀመጡ እንጂ!»

«ማንን ነው የምታናግር?» አሉ ፊታውራሪ።

«እኒህን ሽማግሌ ነዋ፣ ጌታዬ። ከኋላዎ የቆሙትን።»

ፊታውራሪ ዞር አሉ። ግድግዳ ነው። በሹመት መቅደም እንጂ መቀደም የማይወደው አቶ አለነ ግን ጊዜ አላጠፋም፤ ከወገቡ ታጥፎ «እንደምን አደሩ፣ አባቴ!» አለ ለግድግዳው። የቀረውም ሠራተኛ እየተሽቀዳደመ እጅ ነሣ።

ፊታውራሪ ወደ ግራዝማች ጆሮ ተጠጉ። «ካባ ለብሷል?»

«ለብሰዋል፣ ጌታዬ።»

«ምን ዓይነት?»

«ወርቀ ዘቦ።»

«ከእኔ… ይበልጣል?»

ግራዝማች መዋሸት አያውቁም። «እጅግ ይበልጣል።»

ፊታውራሪ በላቸው ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አደገደጉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህኛው ግን ኪኒን የተገኘለት ዓይነት አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ትልቁ ወንበር ለማይታዩት የበላይ ተለቀቀ። ጉዳይ ይቀርብላቸዋል፤ ዝም ይላሉ፤ አቶ አለነ ዝምታቸውን ይተረጉማል። ሥራው ከቀድሞው አልዘገየም። በመሬት ክርክር ከዛሪማ የመጡት አያ ቢያዝን ከችሎቱ ሲወጡ «ሸጋ ዳኛ ናቸው፤ ቢያንስ አይሳደቡም» ብለው መሰከሩ።

ሽማግሌው ግን ቢሮ ብቻ አልቀሩም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ግራዝማች ሽማግሌው ቤት ድረስ ተከትለዋቸው እንደ መጡ አዩና ባለቤታቸውን «ለእንግዳው አንጥፊላቸው እንጂ» አሏቸው። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ባዶውን መደብ አዩ፤ የባላቸውን ዐይን አዩ። ከዚህ በፊት በሹመቱ ስቀው ነበር፤ በዚህ አልሳቁም። ክንዳቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ወሰዷቸው።

«መድኃኒቱ በዝቶባቸዋል» አለ ሐኪሙ፤ ግማሹን ቀነሰው።

ሽማግሌው በቀናት ውስጥ እየደበዘዙ ጠፉ። መንቀጥቀጡም ከፊሉ ተመለሰ። ግራዝማች አንድ ማለዳ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አሰቡበት፤ የሌለ ሰው የሚያይ ዐይን ከሚኖራቸው የሚንቀጠቀጥ እጅ ይሻላቸዋል። እውነቱን መናገር ደግሞ ግዴታ መሰላቸውና ቢሮ ሄዱ። ሁሉም በትልቁ ባዶ ወንበር ፊት አደግድጎ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ወንበሩ ላይ ሰው የለም» አሉ ለፊታውራሪ። «ያመጣብኝ መድኃኒቱ ነው። ይቅር ይበሉኝ፤ ይቀመጡ።»

«ቀስ በል!» አሉ ፊታውራሪ ገርጥተው። «ይሰሙሃል!»

«ማን?»

«ኧረ ተቆጡ!» አለ አቶ አለነ ወንበሩን እያየ። «ፊታቸውን አጠቆሩት!»

«እውነት ነው፣ አጠቆሩት» አለ የቀረው ሠራተኛ በአንድ ድምፅ።

እዚያው ተመክሮ ውሳኔ ተሰጠ። አቶ አለነ ጉሮሮውን ጠርጎ አሰማ፦ «ግራዝማች ሐብተ ማርያም በረጅም አገልግሎት ብዛት የዐይናቸው ብርሃን ስለ ደከመ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡትንም የበላይ ለይተው ለማየት ስለ ተሳናቸው፣ ከሙሉ ምስጋና ጋር በጡረታ እንዲሰናበቱ።»

ሁሉም የመጨረሻውን ቃል ለመስማት ወደ ወንበሩ ዞረው በአክብሮት ጠበቁ።

«ተስማምተዋል» አለ አቶ አለነ።

በዚህም ዓይነት፣ በመሥሪያ ቤቱ የነበረው ብቸኛ በሽተኛ ተለይቶ ስለ ወጣ፣ የቀሩት በፍጹም ጤና ሥራቸውን ቀጠሉ።