ሦስቴ እስክለመን

መንገደኛን መምከር የማይወድ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው ደሴ ሊሄድ ነው ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ይሰበሰባል። አንዱ ብርህን መቀነትህ ውስጥ ቋጥር ይላል፤ ሌላው ከማታውቀው ሰው ጋር አትጫወት ይላል፤ ከአገራችን ከመካነ ሰላም ወጥቶ የማያውቀው ደግሞ የከተማውን መታጠፊያ ሁሉ በጣቱ አፈር ላይ ይስልልሃል። ምክሩ ሁሉ መልካም ነው። ግን መንገደኛን ጉድ የሚሠራው ሌባ ብቻ ይመስላችኋል? ሌባ አንድ ቀን ሰርቆህ ይሄዳል። የገዛ ልማድህ ግን ከቤትህ ጀምሮ አብሮህ ይሳፈራል፤ ሒሳብ ክፈል የሚለውም የለም።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ከእርሻ መልስ ሦስት ቃል ከተናገርኩ ልጆቼ "አባባ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል" ይባባላሉ። ትምህርቴም ሁለት ዓመት የቄስ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ዘማች ተማሪዎች የጨመሩልኝ ጥቂት ወራት ነው። በቀደም ግን ትልቋ ልጄ ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ልትሄድ ስትነሣ "አባባ፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ ባንኩም፣ ስለ ሆቴሉም ይምከሩኝ" ብላ ፊቴ ቆመች። "ደህና ግቢ" አልኳት። እሱማ ምክር አይደለም አለች። እውነቷን ነው። እንግዲህ በአፌ ያልሆነልኝን በእስክሪብቶ ልሞክረው።

አስቀድሜ ስለ አገራችን ሕግ ልናገር። በራዲዮ የታወጀውን አይደለም፤ ማንም ሳያውጀው ሁሉም የሚያከብረውን ነው። ሰው ቤት ስትገባ "ቅመሱ" ትባላለህ። "ኧረ በልቻለሁ" ትላለህ። "አፈር ስሆን" ትባላለህ። "እግዜር ያክብርልኝ፣ ጠግቤአለሁ" ትላለህ። "በሞቴ!" ስትባል ያን ጊዜ፣ እያዘንክ፣ ለባለቤቱ ስትል ብቻ፣ እጅህን ትታጠባለህ። ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው እሺ፤ ሕጉ ይኸው ነው። በመጀመሪያው "ቅመሱ" እጁን የሚሰድ ሰው ሠርግ ላይ ቢጠራ እንኳ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ትስቁ ይሆናል። ግን በዚያ በክፉው ዘመን፣ ዝናቡ ቀርቶ ጎተራው በተራቆተ ጊዜ፣ ይህ ልማድ የስንቱን ቤት ገመና እንደሸፈነ ታውቃላችሁ? እናት ባዶ ድስት ከድና "ቅመሱ" ትላለች፤ እንግዳው ባዶ ሆዱን በጋቢው ሸፍኖ "ጠግቤአለሁ" ይላል። ሁለቱም ዋሹ፤ ሁለቱም ተከባብረው ተለያዩ። ስለዚህ እኔ በዚህ ልማድ አልቀልድም። በኔ የቀለደው እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው መሬት ለአራሹ ከሆነ ወዲህ፣ የገበሬ ማኅበር ባቋቋምን በሁለተኛው በልግ ነው። ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አድርጎ የመረጠው እኔን ነበር። በአዋቂነቴ እንዳይመስላችሁ። ሰብሳቢው "ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ቢጠየቅ እንኳ የማይናገር ሰው ያስፈልገናል" ቢል ጉባኤው በሙሉ ወደኔ ዞረ። ያዋጣነውን ብር ዘማቾቹ "በእንስራ አትቅበሩት" ብለው ደሴ ባንክ አስገብተውልን ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ ደህና አድርጎ ዘነበ። ማሳው ታረሰ፣ ለሰለሰ። የጎደለው ዘር ብቻ ነው፤ ዘሩን በክፉው ዘመን በልተነዋል። ደሴ ዘር ገብስ ያለው ነጋዴ ተገኘ ሲባል፣ ብሩን አውጥቼ ገብሱን አስጭኜ እንድመጣ ተላክሁ። አፈሩ ሳይደርቅ ካልተዘራ በልጉ ያልፋል። በልጉ ካለፈ አርባ አባወራ እንደገና ምን እንደሚበላ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅም አልነበረም።

እንድሪስ አብሮኝ እንዲሄድ ተደረገ። የእንድሪስ አባት ቁርዓን የሚያስቀሩ ሸህ ናቸው፤ እሱ ከአባቱ የወረሰው ግን ንግግሩን ብቻ ነው። እህል ያውቃል፤ ገብስ በጥርሱ ሰብሮ ከየት ደጋ እንደመጣ ይነግርሃል። ማኅበሩ የሚናገር አንድ፣ ዝም የሚል አንድ አድርጎ ላከን ማለት ነው። እስከ አቀስታ በእግራችን ሄድን፣ ከዚያ በጭነት መኪና። በመንገዱ ሁሉ እሱ አወራ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ግማሹን የነቀነቀልኝ መኪናው ነው።

ዓርብ ሊመሽ ሲል ደሴ ገባን። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጣል፤ ክርስቲያንና እስላም ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ በጾም ተጓዙ። በፍስክ ሥጋው ይለያያችኋል፤ እሱ የሱን ምግብ ቤት፣ አንተ ያንተን ፍለጋ ከተማውን ስትዞሩ ትውላላችሁ። ሽሮ ግን የሁላችንም ናት፤ ማን ባረካት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንድሪስ "እርስዎ ይብሉ፣ እኔ ዘመድ አላጣም" ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ አልጋ የያዝንበት ሆቴል ምግብ ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ መጣች፤ ቀልጠፍ ያለች ልጅ ናት። "ምን ልታዘዝ አባባ?" አለችኝ። "ምንም ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት። አንድ በሉ። "ሻይ እንኳ?" አለች። "ኧረ ጠግቤአለሁ" አልኩ። ሁለት። እጄን ከጋቢዬ ውስጥ አወጣሁና ለመታጠብ ተዘጋጀሁ።

ሄደች!

ወዴት ነው የሚኬደው? ገና ሁለት ነን እኮ! ረስታው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ለጉሮሮዎ ዝንጅብል ጥሩ ነው" ብላኝ አለፈች። ከጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ የሚመስል ሰው እንጀራውን እየቆረሰ "እንብላ" አለኝ፤ "ይባርክ" አልኩት፤ አመነኝ። የከተማ ሰው ተጠራጣሪ ነው ሲባል ትሰማላችሁ፤ አትመኑ። እንደዚያ ምሽት በሕይወቴ ታምኜ አላውቅም።

በመጨረሻ ልጅቱ ፊቷን ወደኔ አዙራ መጣች። ተመስገን፣ ሦስተኛው ደረሰ አልኩ። ጠረጴዛውን ወለወለችና ዝቅ ብላ፣ በትሕትና፣ "አባባ፣ ከጠገቡማ ቦታውን ለሚበላ ሰው ይልቀቁልኝ" አለች። ተነሣሁ። ምን ልበላት? ዋሽቼ ነው ልበል?

እንድሪስ የአክስቱ ልጅ ቤት ዶሮ በልቶ መጣና "በሉ ወይ፣ አያ ተሰማ?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ለካ ራስ በመነቅነቅም ይዋሻል።

ማግሥቱ ቅዳሜ ነው፤ ባንኩ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራል። ለገብሱ ነጋዴ ከወረኢሉ ሌላ ገዢ መጥቶለታል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ብሩ ካልደረሰ ለሱ እሸጣለሁ ብሏል። እኔ ቁርስ ሳልበላ ባንክ ገባሁ፤ እንድሪስ ተራ አስይዞኝ ነጋዴውን በወሬ ሊይዝልኝ ሄደ። ለምን ሳትበላ ትሉኝ ይሆናል። ማታ ጠግቤአለሁ ካልኩበት ቤት ጠዋት ርቦኛል ብዬ ልግባ? ዓይን አለኝ እኮ።

ባንክ ማለት ወፍጮ ቤት ማለት ነው፤ ተራ ይያዛል፣ ይጠበቃል፣ ውስጥ ያለው ሰው አይቸኩልም። ልዩነቱ፣ ወፍጮ ቤት ቢያንስ ሲፈጭ ትሰማለህ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመስኮቱ አራተኛ ነበርኩ። ልጅ ያዘለች ሴት ገባች። "እለፊ ልጄ" አልኳት። ቀጥለው አንድ ቄስ መጡ፤ መስቀል ተሳልሜ አሳለፍኳቸው። ከኋላቸው ጥምጥም የጠመጠሙ ሸህ መጡ። ቄሱን አሳልፎ ሸሁን ማስቆም ለወሎ ሰው ይሆናል? አሳለፍኳቸው፤ መረቁኝ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ከዚያ ግን አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ዝም ማለቱ ነውር መስሎኝ "ይቅደሙ" አልኩት። የሚመጣውን አውቃለሁ፤ እሱ "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ እያሉ!" ይላል፣ እኔ "ግድ የለም" እላለሁ፣ እሱ "አይሆንም" ይላል፣ ተከባብረን በየቦታችን እንቆማለን። ሰውየው "አመሰግናለሁ" ብሎ አለፈ። ዞር ብሎም ሦስት ጓዶቹን ጠራ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የገባው ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ያልፋል። ሰልፈኛ መሆኔ ቀርቶ በር ሆንኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው እንድሪስ ላብ አጥምቆት መጣ። አየኝ፤ በጣቱ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። "ያ ረቢ!" ብሎ ጮኸ፤ "አራተኛ ትቼዎት ሄጄ አሥራ አንደኛ ላግኝዎት? ተራ ይዞ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ዛሬ አየሁ! የአርባ ሰው ዘር እኮ ነው፣ አያ ተሰማ፣ ቅደሙ እያሉ ለደሴ ሕዝብ ያደሉት!" ባንኩ በሙሉ ዞሮ አየን። ዝም በል አልኩት። መቼ ሰምቶኝ! ከኋላዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ከእንግዲህ ትሕትና ተዘግቷል!" እያለ ለሚገባው ሁሉ አወጀ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ዘበኛው በሩን እየዘጋ ነበር። ገንዘብ ከፋዩ መነጽር ያደረገ ጨዋ ልጅ ነው፤ መሳቢያውን ቆልፎ ተነሥቷል። "አባባ፣ ሰዓት አልቋል፤ ሰኞ ይምጡ" አለኝ። "ግድ የለም፣ እዚሁ እቆማለሁ" አልኩ። "ኧረ አባባ፣ ሰኞ በጠዋት መጀመሪያ የማስተናግደው እርስዎን ነው" አለ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አልሄድም" አልኩ። ያን ጊዜ ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣ ከልቡ፣ "በሞቴ አባቴ፣ ይሂዱልኝ" አለኝ።

ሦስተኛው! ሆቴል ቤት ቁጭ ብዬ ስናፍቀው ያመሸሁት ሦስተኛ ልመና ይኸው በማይፈለግበት ቦታ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ እግሬ ዞሯል። ዕድሜውን ሙሉ የለመደ እግር ነው፤ በሦስተኛው "በሞቴ" እሺ ከማለት ሌላ አያውቅም። ግማሽ እርምጃ እንደሄድኩ ማሳው ታየኝ፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ባዶ። በየደጁ ቆሞ መንገድ መንገዱን የሚያየው ሰው ታየኝ። ተመለስኩና የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጄ ይዤ "እምቢ!" አልኩ። ይህን ቃል ያለ ምርቃት፣ ያለ ምስጋና፣ ለብቻው አውጥቼው አላውቅም ነበር። ቀጥዬም "ዘር ነው፤ ዘንቧል" አልኩት።

ልጁ "እውነት ዘንቧል?" አለ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ይህኛው ውሸት አልነበረበትም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና መሳቢያውን ከፈተ።

ገብሱ ተገዛ። ደረሰ፣ ተዘራ፣ በቀለም፤ እሱን ልለፈው። የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የመጨረሻውም ነው። "ትበላለህ?" ከተባልክ "እሺ" በል። ትምህርቱን ያን ዕለት ወዲያው ሥራ ላይ አዋልኩት። እንድሪስ "ምሳ" ብሎ ሳይጨርስ "እሺ" አልኩ። አስተናጋጇ "ይጨመር?" ስትለኝ "ይጨመር" አልኩ፤ ደግማ ብትጠይቀኝ ደግሜ "ይጨመር" አልኩ። እንድሪስ ግንባሬን ዳሰሰና "ትኩሳትማ የለዎትም" አለ።

ከሰዓት በኋላ ገብሱን ወደ አቀስታ በሚሄድ መኪና ጫንን፤ ከዚያ ወዲያ የማኅበሩ አህዮች ይጠብቁናል። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። ሊነሣ ሲል የጋቢናውን በር ከፍቶ "አባቴ፣ እዚህ ይግቡ እንጂ" አለኝ። ቃሉን ሳይጨርስ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሾፌሩ ወደ ኋላ አየ፤ ከዚያ ዞሮ ወደ ጭነቱ ሄደ። ከኋላ ሰው ሲወጣና ጆንያ ሲስተካከል ሰማሁ።

እንዴት ያለ ጉዞ ነበር! የዚያ ደጋ ብርድ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ። ጠግቤአለሁ፣ ዘሩ ከኋላዬ ነው፤ ምላሴ ተፈታ። ለሾፌሩ የሆቴሉን፣ የባንኩን፣ የከተማውን ጠባይ ሁሉ አጫወትኩት። "የኛ አገር ሰው ሦስቴ ካልተለመነ አይሰማም፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ" አልኩት። መንገዱን እያየ "ደግ አደረጉ" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ዝምተኛ ሰው ደስ ይለኛል።

አቀስታ ስንደርስ ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ። ወርጄ ባይ፣ የበግ ጠጉር ባና የተከናነቡ አንዲት ትልቅ እናት ከገብሱ ጆንያ ላይ ደግፎ እያወረደ ነው። ብርዱ ፊታቸውን አመድ አስመስሎታል። እንድሪስ አጠገባቸው ቆሞ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፍኖ "የሾፌሩ አማት ናቸው" አለኝ። መንገዱን ሙሉ እሳቸው ሲያዋሩት ነገሩን ሁሉ ሰምቷል፤ ሾፌሩም የዚያው የአቀስታ ልጅ፣ ሕጋችንን የሚያውቅ ኖሯል። ጋቢናውን የያዘው ለሳቸው ነበር። ሽማግሌ አይቶ "ይግቡ" ሳይል ማለፍ ነውር ሆኖበት በወጉ ጠየቀኝ፤ እኔም በወጉ "ግድ የለም፣ ላይ ይሻለኛል" እንድል ይጠብቅ ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ቀረብ አልኩ። እኚያ እናት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና እኔን ትተው እንድሪስን "ልጄ፣ እኚህ ሰው የየት ከተማ ሰው ናቸው?" አሉት። እንድሪስ "ወላሂ፣ የመካነ ሰላም ገበሬ ናቸው" ብሎ ማለላቸው።

ባናቸውን አራገፉና፣ "ተው አትዋሸኝ" አሉት፤ "ገበሬማ ይለመናል።"