በሁለት መግነጢስ መካከል

የማይታይን ነገር ማመን እንደ እኔ ላለ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው። የሚደንቀኝስ የሚታየውን ብቻ እናምናለን በሚባልበት ዘመን፣ በመንግሥት ወርክሾፕ ውስጥ የማይታይ ነገር ሥራ ሲሠራ ማየቴ ነው። እናንተም ብትሆኑ አፋችሁን ትይዙ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐዋሳ ላይ ጎረቤቴ የነበረው መምህር ዳንጊሶ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተምር ነበር። እርሱ ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ፕሮቴስታንት፣ እኔ የማኅሌት ሰው፤ በትምህርተ ሃይማኖት ባንገናኝም በአጥር በኩል እናወጋለን። አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት። በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ገምጋሚ ይመጣል፤ የጠገነው አሮጌ ሞተር ግን ለችግኝ ጣቢያው ውሃ መሳብ ሲጀምር እሳት ይተፋል።

«ባዶውን ሲዞር ደኅና ነው፣ መሪጌታ። ሥራ ሲጫንበት ነው የሚብስበት። ነገ እንዲህ ካደረገ አሻጥር ነው ይሉኛል።»

ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ታውቃላችሁ።

አብሬው ወደ ወርክሾፑ ሄድሁ። የማጽናኛ ቃል ቢጠፋኝ፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያዞረው?» አልሁት።

«ሁለት መግነጢስ። አንዱ ዳርና ዳር የቆመው ነው። ሌላውን መካከል ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ይፈጥረዋል። ከቆመው ጋር ሊገጥም ይዞራል፤ ሊገጥም ሲል፣ ኤሌክትሪኩን እየነኩ በሚያቀብሉት በእነዚህ ካርቦኖች ዘንድ አቅጣጫው ይገለበጥበታል፤ እንደገና ይዞራል።»

«ማረፍ የለውማ!»

«ካረፈማ ምኑን ሞተር ሆነ?»

«በእኛ ማኅሌት ግን» አልሁ፣ «የግራው ወገን ድምፅ ሲበረታ የቀኙን ዜማ ያዘነብለዋል። የሚዞረው የቆመውን ምንም አይለውም?»

ዳንጊሶ ግንባሩን መታ። «ያጣምመዋል እንጂ! ጭነት ሲበዛ የመካከሉ ይበረታና የቆመውን ያጣምመዋል፤ መገልበጫው ቦታም ይሸሻል፤ እሳቱ ከዚያ ነው። እኔ ካርቦኖቹን ያስተካከልሁት ባዶውን ሳዞር ነው። ይህን እኮ በየዓመቱ አስተምራለሁ! ፍርሃት የማያስረሳው ነገር የለም!»

የካርቦኖቹን መያዣ ከዙረቱ በተቃራኒ ጥቂት አንፏቆ ሞተሩን ውሃ አስሳበው። ውሃው ተንዶቀዶቀ። እሳቱ ጠፋ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የሚዞረውና የቆመው አይነካኩም። በመካከላቸው ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፤ ያን ሁሉ ውሃ የሚያነሣው ኀይል ያለው በዚያ ባዶ ውስጥ ነው። ዕጹብ! ሳላውቀው ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ነበር።

«መሪጌታ፣ ለብረት ሊሰግዱ ነው?»

«ለሠሪው ነው።»

«ሠሪው እኮ ጣሊያን ነው!»

«የጣሊያኑን ሠሪ ማለቴ ነው» አልሁት።

በማግሥቱ የሰፈሩ ነዋሪ ተጠርቶ ተሰበሰበ። ሞተሩ አንዲት ብልጭታ ሳያሳይ ውሃ ሳበ። ገምጋሚው እጅግ ደስ ብሎት፣ ይህ የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል ማረጋገጫ ነው እያለ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲፈጽም፣ ስብከት ባለቀ ቁጥር እንደ ለመደብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን!» አልሁ።

ዳንጊሶ ዐይኑን ጨፈነ። የዳነውን ሰው በአንዲት ቃል መልሼ የገደልሁት መሰለኝ።

ገምጋሚው ግን አንገቱን ደፋ አድርጎ «አሜን» አለ። ወዲያው የተናገረው ገባውና ደነገጠ፤ ኮፍያውን አስተካክሎ «በዚሁ ቀጥሉ!» ብሎ ወደ መኪናው ገሠገሠ።

ዳንጊሶን የነካው አልነበረም። ማን ደፍሮ ይከስሰዋል? ከሳሽ ሊሆን የመጣው ሰው ራሱ በጉባኤ ፊት አሜን ብሏል።