እሜቴ ልክ ነኝ በጠባብ አንገት ሹራብና በቀይ ወይን ስለ መዝመታቸው

ንዌጥን እንከ፤ እንግዲህ እንጀምር። በዘመነ ጡረታ፣ መርፌ ከጨበጡ በሦስተኛው ዓመተ ንግሥናቸው፣ ቀድሞ በፈቃድ መስጫ ቢሮ ማኅተም ይዘው በመስኮት ፊት ሕዝብ ያሰለፉ፣ «አልተሟላም፤ ተመለስ» በሚል አንድ ቃል ስንቱን ጎልማሳ ደረጃ ያስወረዱ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ ተሳሳትሁ ብለው የማያውቁ፣ ስለዚህም ባልደረቦቻቸው «ልክ ነኝ» ብለው ስም ያወጡላቸው፣ የሹራብ ፈልሳፊ፣ የወይን መርማሪ፣ የሚስቴ ታላቅ እህት እሜቴ ልክ ነኝ በገዛ ሳሎናቸው የፈጸሙትን ጀብዱ፣ እኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆንሁ፣ የታናሽ እህታቸው ባል፣ በዓይኔ እንዳየሁት እጽፋለሁ። ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ ነገር ግን ዝም ብል ያንቀኛል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እሜቴ ማኅተሙን ባስረከቡ ሰሞን ቀኝ እጃቸው ሥራ ፈትቶ የምግብ ጠረጴዛውን በባዶ ይደልቅ ጀመር፤ ይህን ያየች አንዲት ልጃቸው፣ መነጽር ቤት የምትሠራው፣ እናቷ እንዳይጨነቁ ብላ ሱፍ ክርና ሁለት የሹራብ መርፌ ገዝታ አመጣችላቸው፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በደስታ ይሁን በኀዘን ያልታወቀ የመሸኛ ስጦታ ብለው ያበረከቱላቸውን የወይን ሣጥን ከፈቱ፤ አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላው ይዘው ሳሉም ሁለቱ ጥበቦች አንድ እንደሆኑ ተገለጠላቸው። ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ የመጀመሪያውን አዋጅ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት አወጁ፤ ቃሉም ይህ ነበር፦ «ሹራብ ያለ ወይን ጨርቅ ነው፤ ወይንም ያለ ሹራብ ጭማቂ ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ወይን ቀምሼ ጣዕሙን ሹራብ አደርገዋለሁ፤ ያንን ወይን የሚቀምስም የወይኑን ሹራብ ለብሶ ይቀምስ።»

ቃላቸውንም ፈጸሙ። ጠርሙሱ ሙሉ ሳለ የተጀመረው ቀኝ እጅጌ ልከኛ ሆኖ ሲወጣ፣ ጠርሙሱ ተጋምሶ የተጀመረው ግራ እጅጌ እስከ ጉልበት ይወርድ ነበር፤ እሳቸው ግን «ዲዛይን ነው» አሉ። የልብስ መለኪያ ሜትር አይነኩም፤ «ሰው ስመለከት ልኩን አውቃለሁ» ይሉ ነበርና። ወይን ሲመረምሩም ብርጭቆውን አሽከርክረው፣ አፍንጫቸውን እስከ መነጽራቸው አስገብተው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው ካንቦጫረቁት በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይህ ወይን ጣሪያው የሚያፈስ ቤተ መጻሕፍት ይሸታል» ይላሉ፤ እኛ ወይን ወይን ብቻ የሸተተን ግን አፍረን ራሳችንን እንነቀንቃለን። አዋቂዎች ቀምሰው ይተፉታል ይባላል፤ እሳቸው መትፋትን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩ የምርመራውን ሸክም ሁሉ ብቻቸውን ይውጡት ነበር።

የሠራዊታቸውም ዝርዝር ይህ ነው። በቀኛቸው ባለቤታቸው፤ በጥንት ጊዜ የንጉሥ ልብስ ለብሶ በንጉሡ ፈንታ የሚወጋ ሊቀ መኳስ የሚባል ሰው እንደነበር ሁሉ፣ እኒህም ያላለቀ ሹራብ እየለበሱ በመርፌ የሚወጉ፣ ለሠላሳ ዓመት ካርታ ሲነድፉ ኖረው ከገዛ ሳሎናቸው መውጫ የጠፋባቸው፣ «እሺ» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል ሲናገሩ ያልተሰሙ ሰው ናቸው። በግራቸው ጎረቤታቸው የጥርስ ሐኪም፤ ለሹራብ ፍቅር የሌለው፣ ለወይኑ ሲል ግን የብርቱካን ቀለም ሰደርያ ለብሶ መታየትን የታገሠ፣ የቡሽ መክፈቻ የማይለየው አሳላፊ ነው። በበሩ ሚስቴ፤ አጋፋሪ ሆና የምታስገባ፣ ማንንም ግን ሳይቀምስ የማታስወጣ። ከኋላ እኔ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ክንዴ ሦስት ይመስል ሦስት እጅጌ ያለው ሹራብ የተሸለምሁ።

በዚያም ዓመት ልጅቷ እጮኛዋንና እናቱን ከወላጆቿ ልታስተዋውቅ ቀን ቆረጠች። እጮኛዋ የዋና አሠልጣኝ ነው፤ ትከሻው በራችንን የሚሞላ፣ አንገቱ የኔን ጭን የሚያህል፣ ጠባዩ ግን ብርጭቆ ሲያነሣ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ለስላሳ ልጅ ነው። እናቱ አዋላጅ ናቸው፤ አጭር፣ ቃላቸው ከቁመታቸው ያጠረ፣ ስንቱን ሰው ወደዚህ ዓለም ጎትተው ያስገቡ። ልጅቷም በዚያ እሑድ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት እናቷን ኩሽና አስገብታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ ዛሬ ሹራብ የለም። ወይን የለም። ሻይና ኬክ ብቻ። እሺ በይኝ።»

«እሺ» አሉ እሜቴ። ይህም እሺታ ልጅቷ የኩሽናውን በር እስክትከፍት ድረስ ጸና።

እንግዶቹ ገብተው፣ ሻዩ ተቀድቶ፣ አዋላጇ ገና ሁለተኛ ጉንጫቸውን ሳይውጡ፣ እሜቴ ልክ ነኝ ከሶፋቸው ተነሡ፤ የጥርስ ሐኪሙም ምልክት የተሰጠው ይመስል ከመጋረጃው ሥር ጥቁር የሚያስብል ቀይ ወይን አወጣ፤ ሊቀ መኳሱም በሁለት እጃቸው የወተት ቀለም ያለው ወፍራም ሹራብ ተሸክመው ከመኝታ ቤት መጡ፤ ልጅቷም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሜቴም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህ ሹራብ የዚህ ወይን ነው፤ ይህ ወይንም የዚህ ሹራብ ነው። ለአማቼ ብዬ ያለ ሜትር፣ በፎቶግራፍ ብቻ አይቼ ሠራሁት። ለብሶ ይቅመስ። ቀምሶም ጣዕሙን ካወቀ ልጄን ይውሰድ።»

የፎቶግራፉ ስፋት የእጅ መዳፍ ያህል እንደነበር ልብ በሉ። የሹራቡ ወገብ ሁለት ሰው ያስገባል፤ ደረቱ የአልጋ ልብስ ነው፤ የጠርሙሱን መጨረሻ ያገኘው አንገቱ ግን ለጨቅላ እንኳ የሚያሳስብ ነበር። ልጁ ሹራቡን አየ፤ እጮኛውን አየ፤ እናቱን አየ። «ደስ ይለኛል እትዬ» አለ፤ እጆቹንም በእጅጌዎቹ ሰድዶ ራሱን አስገባ። የገባው ራስ ግን አልወጣም። ግንባሩ ላይ ሲደርስ አንገትየው እንደ ጠርሙስ ክዳን ጥርቅም ብሎ ያዘው፤ ሁለት ክንዶቹም እጅጌው ውስጥ ወደ ላይ ተሰቅለው ቀሩ።

«አንገቱ የት ነው?» አለ ከውስጥ።

«ራስህ ላይ ነው፤ ግፋ!» አሉ እሜቴ።

«እየገፋሁ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ልክ ያልሆንኸው አንተ ነህ እንጂ ሹራቡ ልክ ነው!»

እኛም እጅጌውን፣ ጫፉን፣ ክንዱን ይዘን ጎተትን፤ ሊቀ መኳሱ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ወገቡን አቀፉት፤ የጥርስ ሐኪሙም ከልማዱ የተነሣ «አያምህም፣ አያምህም» ይለው ነበር። ራሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሜቴ ልክ ነኝ ግን ቅምሻው ሊዘገይ እንደማይገባው ቆጥረው ሁለተኛ አዋጅ አወጡ፦ «ራሱ እስኪወጣ ወይኑ አይጠብቅም። ብርጭቆው ከሥር ይግባለት።» የጥርስ ሐኪሙም ተንበረከከና ብርጭቆውን ከሹራቡ ጫፍ በታች አስገብቶ፣ በዳበሳ አገጩን ፈልጎ አፉ ላይ አደረሰለት። ከውስጥ የመዋጥ ድምፅ ተሰማ።

«እህ? ምን ምን ይላል?» አሉ እሜቴ ተጠግተው።

«ሱፍ ሱፍ ይላል እትዬ።»

«አወቀው!» ብለው ጮኹ፤ ደስታቸውም ልክ አልነበረውም። «ከሥር ያለው ጣዕሙ እርሱ ነው! እኔ ብቻ ነበርሁ ያገኘሁት!»

ልጁ ግን በዚህ ክብር መካከል ትን አለውና ሳለ፤ በሳለም ጊዜ ብርጭቆው ተገለበጠ፤ በወተት ቀለሙ ሹራብ ደረት ላይም ቀይ ነገር ወጥቶ እያየነው ይሰፋ ጀመር። ሚስቴ እሪ አለች። «ተወጋ! እትዬ፣ መርፌ ረስተሽበታል! ደሙ እየፈሰሰ ነው!» ልጅቷ ከወንበሯ ወደቀች ማለት እስኪቻል ተነሣች። እኔም፣ ለታሪክ ስል አልደብቅም፣ ከሶፋው ኋላ ነበርሁ።

አዋላጇ ብቻ አልጮኹም። የሻይ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ተጠግተው አሸተቱ። «ደም አይደለም» አሉ። «ደም እንዲህ አይሸትም።» ቀጥለውም የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። «መቀስ።»

መቀሱ በክር ቅርጫቱ ውስጥ ነበር፤ በቅርጫቱም ፊት እሜቴ ልክ ነኝ ቆሙ። «በዚህ ቤት ሱፍ በመቀስ አይነካም» አሉ።

«እመቤቴ፣ ውስጥ ያለው ልጄ ነው።»

«ልጁ የርስዎ ነው። ሹራቡ ግን የኔ ነው!»

ከውስጥ የልጁ ድምፅ ቀጠን ብሎ «እኔ ደኅና ነኝ፤ በኔ ምክንያት አትጋጩ፤ ብቻ ትንሽ ሞቆኛል» አለ። ትንፋሹ ግን ሲቆራረጥ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ልጅቷ እናቷ ፊት መጥታ ቆመች። ስትጮህ ያየኋት ብዙ ጊዜ ነው፤ በዚያ ቀን ግን አልጮኸችም።

«እማዬ፣ ዛሬ ከሁለት አንዱ ይወጣል። ወይ የሱ ራስ ከሹራቡ፣ ወይ እኔ ከዚህ ቤት።»

እኔ ጸሐፊው ለእሜቴ መራራት ልማዴ አይደለም፤ ሦስት እጅጌ የሸለሙኝ ሰው ናቸው። ነገር ግን ያየሁትን ብሰውር ዜና መዋዕሉ ይጎድላል። ልጃቸውን አዩ፤ የቀላውን ሹራብ አዩ፤ ያ ጠረጴዛ ይደልቅ የነበረ ቀኝ እጃቸውም ወደ ክር ቅርጫቱ ሲሄድ አየሁት። ክረምቱን ሙሉ ያንን ልጅ ሳያውቁት፣ በየቀኑ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሠሩለት ነው። በፈቃድ ቢሮው መስኮት ፊት ሲያልፍ የነበረ ሕዝብ ከእንግዲህ አይመጣም፤ ለአንድ ሰው እንኳ የሚሰጡት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልወረደም፤ እንዲወርድ አልፈቀዱለትም።

ከዚያም መቀሱን ሳይሆን መነጽራቸውን አነሡ። ወደ ልጁ ቀርበው ከአንገትየው ጠርዝ ላይ የክሩን መጨረሻ በጥፍራቸው ፈለጉና ቋጠሮውን ፈትተው ተረተሩ። አንድ ዙር፤ ሁለት ዙር፤ የክረምቱ ሥራ ተረር ተረር እያለ ይመለስ ጀመር፤ ሊቀ መኳሱም ከፊታቸው ቆመው ወይን የጠጣውን ክር በክርናቸው ላይ ይጠቀልሉ ነበር። አዋላጇም የልጃቸውን ራስ በሁለት መዳፋቸው ይዘው ያዝዙ ጀመር።

«አትግፋ። ተንፍስ። ገና ነው።... ቀስ በል።... አሁን! አሁን ግፋ የኔ ልጅ!»

ሁላችንም፣ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ፣ አብረን አማጥን። መጀመሪያ ጸጉሩ ወጣ፤ ቀጥሎ ግንባሩ፤ ቀኝ ጆሮው፤ ግራ ጆሮው፤ ከዚያም መላ ራሱ ብቅ ብሎ፣ የቀላ፣ የረጠበ፣ ሱፍ በሱፍ የሆነ፣ አፉን ከፍቶ አየር ሲስብ ታየ። አዋላጇም ከልማድ የተነሣ አፉንና አፍንጫውን ጠረጉለት፤ ቀና ብለውም የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

ልጁ ዙሪያውን ተመለከተ። «ትንሽ ጠበብ ይላል» አለ።

ሳቁን የጀመረችው ልጅቷ ናት፤ ስቃ ስቃ በእጮኛዋ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሜቴ ልክ ነኝም ቀጥ ብለው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ጣዕሙን አውቋል። ልጄን ሰጥቻለሁ። ሹራቡንም አንገቱን አስፍቼ እጨምራለሁ!»

«ልጅቷ ትበቃናለች» አሉ አዋላጇ፤ የእጅ ሰዓታቸውንም አሰሩ።

ከዚህ በኋላ እሜቴ ታሪኩን ለዘመድ አዝማድ ሲናገሩ «ያ ልጅ ታፍኖ ሊሞትብኝ ነበር፤ እኔ ባልደርስለት ኖሮ!» ይላሉ፤ ምን ውስጥ እንደታፈነ ግን አይናገሩም። ሁለቱ ቤተሰቦችም ስለ ሠርጉ ቀን ሲመክሩ፣ በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች ያለ አንዳች ክርክር በአንድ ቃል፣ በዓመቱ ውስጥ እጅግ በሚሞቀው ወር፣ በቀትር፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ እንዲሆን ወሰኑ። እሜቴም ይህን ሰምተው በሙቀት ቀዝቅዞ የሚጠጣውን የነጭ ወይን ጠባይ የሚያውቁ አስተዋይ ዘመዶች ስላገኙ እጅግ ተደሰቱ።

እንግዲህ ሜትር ሳይነኩ ዓለምን የለኩ፣ ያለ ጦርና ያለ ጋሻ በአንድ ክር አንድ ጎልማሳ የማረኩ፣ የማረኩትንም በገዛ ጥፍራቸው የፈቱ፣ ተሸንፈው ድል ያወጁ፣ የሳሎናቸው ግርማ፣ የጠርሙስ ሁሉ ፍርሃት፣ ገናናዪቱ እሜቴ ልክ ነኝ ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል። ለርሳቸው ክብር፣ ለመርፌያቸው ረዥም ዕረፍት፣ ለኛም ለዘመዶቻቸው ትንፋሽ ይሁን።