አጎቴ ዋንጂላ የማያምኑት ጦር ጫፍ

ነጩ ፖሊስ ሄደ። እኔ ግን አሁንም መንገዱን አያለሁ።

የትም ሰፈር ብትሄዱ፣ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ዓይኑን የሚያጨነቁር አንድ ሽማግሌ አታጡም። የኛው ክቡር አጎቴ ዋንጂላ ናቸው፤ የጦር ጫፍ ጠራቢ፣ የጠርጣሪዎች ሁሉ አለቃ። ለሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ አላቸው፤ "ማነው የላከው?"

ጠርሙስ የመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ድንጋይ ጥሎ ከስባሪው የጦር ጫፍ እየሠራ ሲያድን፣ እሳቸው "እኔ በውስጡ ካየሁ ካንጋሮውስ አያየኝም? ማነው የላከው?" ብለው ድንጋያቸውን አቀፉ። ትንሽ ቆይተው ከነጮቹ ከብት እርባታ ጓሮ ጠርሙስ ሲለቅሙ ተያዙ።

"እየሰለልኩት ነው" አሉ።

ብረት መጣ። "ዝናብ ሲነካው የሚቀላ መሣሪያ አላምንም!" ብለው ሲሳደቡ ከረሙና የአካፋ አፍ ሲቀጠቅጡ ተገኙ።

በቀደም ደግሞ የቴሌግራፍ እንጨት ላይ ወጡ። ሽቦውን የያዘውን ነጭ ሸክላ ነቅለው፣ በአጥንት እየተጫኑ ሸረፉት፤ ቅጠል የመሰለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ ጫፍ ወጣው። ሽቦው ሞተ። ዛሬ ፖሊሱ ሰንሰለት ይዞ መጣ። ነጩ ጫፍ ከተገኘባቸው አንገታቸው ታስሮ መሄዳቸው ነው።

"አጎቴ፣ ይስጡኝ ወንዝ ልጣለው!"

"አንቺን ደግሞ ማነው የላከሽ? ከዚህ የተሻለ ሠርቼ አላውቅም!" ጫፉን ሰጥተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። "ለእሷ ስጫት።"

እሷ ማለት አማታቸው ናት። በእኛ ወግ አማት ለአማቿ አትታይም፣ አትጠራም፣ አጠገቧም አይደረስም። ሮጬ ሰጠኋት፤ ተቀመጠችበት።

የፖሊሱ ዱካ ፈላጊ መንዴይ ዱካዬን ይዞ ቀጥ ብሎ መጣ። ግን መንዴይ በእኛ የዘመድ ቆጠራ የአጎቴ ወንድም ነው፤ አማትየው ለሱም አማቱ ናት። ጀርባዋን ሲያይ አንገቱን ሰብሮ ዞረ።

"እዚያስ?" አለ ፖሊሱ።

"ምንም አላየሁም አለቃ።"

"አሮጊት ተቀምጣ የለም እንዴ?"

"እሷንም አላየሁም።"

ከሄዱ በኋላ አሮጊቷ አጎቴ እንዲሰሙ ጮክ ብላ ለውሻዋ "ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ" አለች፤ "በደንብ አሹሎታል። ቂጤ ምስክር ነው።"

አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማን እንደላካት ሳይጠይቁ ሳቁ። ጫፉን አስመልሰው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። "አንቺንም እጠረጥርሻለሁ" አሉ፤ "ከሌላው ሰው ግን አሳንሼ።" ከሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ይኸው አጠገቤ ነው፣ ነጭ። እኔም ወንዝ ልጥለው አልቻልኩም።

ፖሊሱ ሲሄድ "ነገ ብቻዬን እመጣለሁ" ብሏል። እሱ እዚህ አማት የለውም። ምን እንደምናደርግ አላውቅም።