ጃቤዝ ዌክላም ያልከፈቱት ጓጉንቸር

የሰው ሥራ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እሱ ባለበት ሰፈር ሥራው ሁሉ ያምራል፤ ሠራተኛው ግን እፎይ ብሎ አያውቅም። ቤት ስታሠራ ግድግዳህን አንኳኩቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጫማ ስትገዛ ስፌቱን በጥፍሩ ይጎትታል። ማንም አልጠየቀውም። ጠይቀኸው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥህም ነበር።

በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ይህ ሰው ዊለንሆል በምትባል የጓጉንቸር ሠሪዎች ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ስሙ ጃቤዝ ዌክላም ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው አንተ ብሎ መጥራት ስለሚከብድ፣ እኛም እንደ አገሩ ሰው ሊቀ ጓጉንቸር እንላቸዋለን። ሹመቱን የሰጣቸው የለም። የቀማቸውም የለም።

ዊለንሆል ውስጥ ጓሮው ሁሉ መሥሪያ ቤት ነው፤ በየጓሮው ብረት የሚታሰርበት ሞርሳ፣ በየሞርሳው ላይ ጎንበስ ያለ ሰው አለ። ከሕንድ እስከ ብራዚል ያለው በር የሚዘጋው ከዚህ በሚሄድ ጓጉንቸር ነው። የዊለንሆል ሰው ግን የራሱን በር አይቆልፍም። በጎረቤት ፊት መቆለፍ፣ ጎረቤትን ሌባ ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል።

ሊቀ ጓጉንቸር የሌላ ሰው ጓጉንቸር ሲያዩ ባለቤቱን አያናግሩም፤ የሚያናግሩት ጓጉንቸሩን ነው። መዳፋቸው ላይ አስተኝተው፣ ተደብድቦ እንደመጣ ልጅ እያገላበጡ፣ "ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?" ይሉታል። የሠራው ሰው አጠገባቸው ቆሟል። ጓጉንቸሩ መልስ አይሰጥም፤ ሰውየው ግን ጆሮው ድረስ ይቀላል።

ቀብር ላይ እንኳ አላረፉም። አንድ ጊዜ ሟቹ ሊወርድ ሲል የሬሳ ሣጥኑን እጀታ ነቅነቅ አድርገው ሚስትየዋን፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ሟች ነን። ለመሆኑ ይሄን ብሎን ያሰረው ማን ነው?" አሏት።

ዕድሜ ልኩን ሲሞርድ የኖረ ሰው ቀኝ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል። በወይዘሮ ቲርዛ መጠጥ ቤት ከአግዳሚዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ለዚሁ ጉብታ ተብሎ ተቦርቡሯል፤ እያንዳንዱ ሰው በየጎድጓዳው ተደግፎ ቢራውን ይጠጣል። ሊቀ ጓጉንቸር ጉብታም አይምሩም ነበር።

"ያንተ ጉብታ ወደ ታች የወረደው ሞረዱን በክርንህ ስለምትገፋው ነው" አሉት ጎረቤታቸውን ቲተስ ላምሊን።

"ኧረ ጋሽ ጃቤዝ፣ እግዜር የሰጠኝን ጀርባ እንኳ ተዉልኝ!"

"እግዜርማ ቀጥ አድርጎ ነው የሰጠህ። ያጣመምከው አንተ ነህ፤ እሱንም አሳምረህ አላጣመምከውም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቲተስም አብሮ ሳቀ፤ ግን ቢራው መረረው። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ሲኖሩ፣ ይህ ሰው አንድም ቀን ደህና ሥራ ሠራህ ብሎት አያውቅም። ቲተስ ሥራውን ጨርሶ ሲያየው የሚያየው በራሱ ዓይን መሆኑ ቀርቷል። ጓጉንቸር ባነሳ ቁጥር ያ ድምፅ ቀድሞ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል።

የሊቀ ጓጉንቸር ሥልጣን ምንጩ አንድ ነበር፤ መክፈት ያቃታቸው ጓጉንቸር አልነበረም። በአንዲት ቆልማማ ሽቦ የቤተ ክርስቲያኑን ሣጥን ከፍተዋል። የፖሊሱን ካቴና፣ ፖሊሱ ተቀምጦ ሲያንጎላጅ፣ ከራሱ ወገብ ላይ ከፍተው መልሰው ቆልፈውለታል። "እኔ የማልከፍተው ጓጉንቸር ገና አልተሠራም" ይላሉ፤ የሚከራከራቸውም የለም።

አንድ ዓመት ቲተስን ሥራ ከዳው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በእንፋሎት እየቀጠቀጡ ገበያውን አጥለቀለቁት። የአባቱን ሞርሳ ሸጦ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሊወርድ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ሚስተር ኦክደን የሚባል የበርሚንግሃም ነጋዴ መጣና እንዲህ አለው፦ "ለባንክ ቤቶች የሚሆን፣ ሌባ የማይደፍረው ጓጉንቸር እፈልጋለሁ። ማክሰኞ መጥቼ አየዋለሁ። ደስ ካለኝ ሥራው ያንተ ነው። ካላለኝ ሌላ ጓሮ ሞልቷል።"

ቲተስ ያለ የሌለ ጥበቡን አፈሰሰበት። ውስጡ የናስ ማንሻዎች ተደርድረዋል፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሁሉንም እኩል በልካቸው ያነሳቸዋል። ሽቦ ገብቶ አንዱን እንኳ ከልኩ በላይ ካነሳው፣ ትንሽ ሞላ ቀጭ ብላ ትይዘዋለች። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍም አይከፍተውም። ባለቤቱ ቁልፉን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሮ ሞላዋን ሲያስለቅቃት ብቻ እንደገና ይከፈታል። እንዲህ ሲሆን ጓጉንቸሩ ሌባውን መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ እጅ እንደገባበትም ለጌታው ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ አዲስ አልነበረም፤ የቲተስን ያህል የረቀቀ ግን ከዚያ ጓሮ ወጥቶ አያውቅም።

ሰኞ መጣ። ዊለንሆል ሰኞ አይሠራም፤ ሰኞ ሁሉም ሰው መጠጥ ቤት ነው። ቲተስም ጓጉንቸሩን ሞርሳው አጠገብ ቆልፎ አስቀምጦ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ የመሥሪያ ቤቱን በር እንደ ወጉ ገርበብ አድርጎ ሄደ። የሊቀ ጓጉንቸር ጎድጓዳ ቀኑን ሙሉ ባዶ ዋለ። "ዛሬስ ማንን ሊያርሙ ሄዱ?" አለች ወይዘሮ ቲርዛ። ቲተስ እፎይ ብሎ ጠጣ።

በማግሥቱ ሚስተር ኦክደን መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ጓሮው ላይ ተኮለኮለ፤ ሊቀ ጓጉንቸር የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙ። ቲተስ ቁልፉን አስገብቶ አዞረ።

አልከፈተም።

ደግሞ አዞረ። እንቢ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን "እጅ ገብቶበታል" ብሎ ያስብ ነበር፤ ጓጉንቸሩ የተሠራው ይህንኑ እንዲናገር አይደል? ቲተስ ግን መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን እጅ ነው። ግንባሩ በላብ ራሰ። "ምናልባት... ማንሻውን ስሞርደው አሳስቼው ይሆናል" አለ በተቆራረጠ ድምፅ።

ነጋዴው ባርኔጣውን አነሳ። "ይቅርታ ወዳጄ። በራሱ ቁልፍ የማይከፈት ጓጉንቸር ለባንክ ቤት ምን ይሠራል?"

"ቆይ" የሚል ድምፅ ከመቃኑ ተሰማ።

ሊቀ ጓጉንቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊሉት ነው ብሎ ትንፋሹን ዋጠ።

"ልጁ ጥፋት የለበትም" አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። "ትናንት ቀኑን ሙሉ የነካካሁት እኔ ነኝ። በሁሉም ሽቦዎቼ ሞክሬዋለሁ። በሚስቴ የፀጉር መርፌም ሞክሬያለሁ።" ቀጥሎ ያለው ቃል ከአፋቸው ለመውጣት ብዙ ታገለ። "አልቻልኩትም። ቁልፉን ወደ ኋላ አዙረው፣ ቲተስ።"

ቲተስ ወደ ኋላ አዞረ። ቀጭ አለ። ወደ ፊት አዞረ። ጓጉንቸሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ሚስተር ኦክደን ባርኔጣውን መልሶ አስቀመጠና፣ "እኝህ ሰውዬ ማን ናቸው?" ሲል ጠየቀ። ሕዝቡ ባንድ አፍ መለሰለት፤ እስከ ትናንት ያልከፈቱት እንዳልነበረም ነገረው። ነጋዴው ወዲያው ሥራውን ሰጠ። ከጓሮው ሲወጣ ግን ቲተስ ተከትሎት፣ "ጓጉንቸሮቹ ላይ ከእኔ ስም ሥር 'ጃቤዝ ዌክላም ሞክረውታል' ተብሎ ይቀረጽልኝ" አለው።

"ሽንፈታቸውን? አይቆጡም?"

"ማንም ያልሞከረው ጓጉንቸር ተራ ዕቃ ነው፣ ጌታዬ። የኔን እሳቸው ሞክረውታል።"

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ መጠጥ ቤቱ በፌዝ ደመቀ። "የፀጉር መርፌው የት ደረሰ?" ይላል አንዱ። "ሹመቱን ለሚስትዎ ያስረክቡ!" ይላል ሌላው። ሊቀ ጓጉንቸር ጎድጓዳቸው ውስጥ ተሸጉጠው ተቀመጡ። ቢራው ቀጥኗል አላሉም። ወይዘሮ ቲርዛ ያስጠገነችው ወንበር ሲንቋቋ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ቲተስ ይህን ቀን ስንት ዓመት ተመኝቶት ነበር! አሁን ግን ቢራውን ሳይጨርስ አስቀመጠው።

ተነስቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከኪሱ ገና ያላለቀ፣ ለባንክ ቤቱ ሥራ የጀመረውን አዲስ ማንሻ አወጣና ፊታቸው አስቀመጠው።

"ጋሽ ጃቤዝ፣ ይሄ ነገር ልክ አልመጣልኝም። እስቲ እዩልኝ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ባገሩ ሁሉ እሳቸውን እዩልኝ ብሎ የለመነ ሰው እስከዚያ ምሽት አልነበረም። መነጽራቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው፣ መብራቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።